የቤተሰባችንን የፍሪጅ፣ የምድጃና የልብስ ማጠቢያ ማሽን መደብር ታሪክ ለመጻፍ ከየት ልጀምር?

የመሥራቹ የልጅ ልጅ (ጥያቄ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። አያቴ የመሠረቱት፣ አባቴና አጎቴ ያስፋፉት፣ ዛሬ ደግሞ እኔና የአጎቴ ልጅ የምንመራው መደብር ፍሪጅ፣ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ይሸጣል፤ የሸጠውንም ይጠግናል። ቤተሰቡ የመደብሩን ታሪክ በመጽሐፍ እንዳዘጋጅ አደራ ሰጥቶኛል። ያረቀቅሁት ጽሑፍ የመሥራቹን ልደት፣ የመጀመሪያውን ሱቅ መከፈት፣ የቅርንጫፉን ምረቃና ከአምራቾች የተሰጡንን የምስጋና ወረቀቶች በዓመት ቅደም ተከተል ይዘረዝራል። የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጫማ የሚሸጥ ቤተሰብ ስሙን ብቻ ቀይሮ የራሱ ሊያደርገው የሚችል ታሪክ ሆኖብኛል። ፍሪጅና ማጠቢያ ማሽን እየሸጡ መኖር ምን እንደሚመስል ከውስጡ አይነበብም።

በእጄ የሚገኙት የዱቤ መዝገቦች፣ የዋስትና ካርድ ቀሪዎች፣ የጥገና ክፍሉ የሥራ ወረቀቶችና ዓመት ያልተጻፈባቸው በርካታ ፎቶግራፎች ናቸው። የሚያከራክረን ጉዳይም አለ። በቤተሰባችን የሚነገረው አያቴ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ፍሪጅ ይሸጡ እንደነበር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ደረሰኞች የሚያሳዩት ግን የብስክሌት መለዋወጫና የሬዲዮ ሽያጭ ነው። አጎቴ ይህ ክፍል ባይነሣ ይመርጣል። በዚህ ንግድ ታሪክ ላይ የሠራችሁ ወይም በሥራው ውስጥ ያለፋችሁ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መዝገብ አገላባጭ

የብስክሌቱንና የሬዲዮውን ደረሰኝ እባክዎ እንዳይተዉት፤ እንደኔ ከሆነ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ እሱ ነው። በዚህ ንግድ ስማቸው የሚጠራ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ፍሪጅና ወደ ማጠቢያ ማሽን የመጡት ከሌላ ሥራ ተነሥተው ነው። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በብሪታንያ ሌስተር ከተማ ሄንሪ ካሪ በ1884 የጀመረው ብስክሌት በመሥራት ነበር፤ ከልጆቹ ጋር ያቆመው ድርጅት ወደ ሬዲዮና ወደ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ የተሸጋገረው ቆይቶ ነው። በኒው ዮርክ ብሩክሊን በ1909 የተከፈተው የፒ ሲ ሪቻርድ መደብር የእጅ መሣሪያና የቤት ማደሻ ዕቃ የሚሸጥ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጥ የጀመረው በ1924 በካውያ ነው። በቺካጎ ዴቪድና ጁዌል አብት የተባሉ ባልና ሚስት በ1936 ያቋቋሙት ደግሞ የሬዲዮ ሱቅ ነበር። አምራቾቹም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ መነሻ የላቸውም፤ የጀርመኑ ሚሌ በ1899 ሲመሠረት የሚሠራው ከወተት ክሬም የሚለይ ማሽን ነበር፤ የአሜሪካው ሜይታግም በ1893 በእርሻ መሣሪያ ነው የተጀመረው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። አዲሱ ማሽን ወደ ገበያ ሲመጣ ሸማቹ ለሁለት ነገር ይፈራ ነበር፤ አንደኛው ዋጋው፣ ሁለተኛው ደግሞ ቢበላሽ የሚያየው ሰው መጥፋቱ። የብስክሌት ሰንሰለት የሚያስተካክል፣ የሬዲዮ አምፖል የሚቀይር፣ ብሎንና ሽቦ በየሣጥኑ ለይቶ ያስቀመጠ ሰው በሠፈሩ አስቀድሞ ታምኗል። አያትዎ የመጀመሪያውን ፍሪጅ ሊሸጡ የቻሉት ስንት ብስክሌት አስተካክለው ካስረከቡ በኋላ እንደሆነ ደረሰኞቹ ሊነግሩዎት ይችላሉ። አጎትዎ ሊሸሽጉት የፈለጉት ነገር መደብሩ የቆመበት መሠረት ነውና ይህንኑ በአክብሮት ቢያስረዷቸው መልካም ነው።

ቀጥሎ መመርመር ያለበት የመብራት መስመር ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ እስከምን ድረስ እንደደረሰ ሳያውቁ የመደብሩን ገበያ ካርታ መሳል አይቻልም። በአሜሪካ በ1930ዎቹ አጋማሽ ከአሥር የእርሻ ቤቶች ዘጠኙ ያህል ኤሌክትሪክ አልነበራቸውም፤ መንግሥት በ1935 የገጠር ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ መስመሩን መዘርጋት ሲጀምር ነው ለቸርቻሪው አዲስ ገበያ የተከፈተለት። በዩታ ግዛት ሩፈስ ኮል ዊሊ በ1932 ሱቅ እንኳ ሳይኖረው ፍሪጅና ምድጃ በጭነት መኪናው እየጫነ ቤት ለቤት የሸጠው በዚህ ዘመን ነው። መብራት ባልደረሰበት ቦታ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፍሪጅ ይሸጥ ነበር። ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስዊድን ተማሪዎች በ1922 የፈለሰፉት፣ ኤሌክትሮሉክስም ከ1925 ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው ፍሪጅ ሞተር የለውም፤ ቅዝቃዜውን የሚያገኘው ከሙቀት ስለሆነ በጋዝ ወይም በላምባ ነበልባል ይሠራል። በአያትዎ ደረሰኞች ላይ የላምባ ፍሪጅ ክርና ማቃጠያ ተሸጦ ካገኙ መስመሩ ከመድረሱ በፊት ማንን ያገለግሉ እንደነበር ያሳይዎታል።

የኤሌክትሪክ አቅራቢዎቹ ራሳቸው የቸርቻሪው ተፎካካሪ እንደነበሩም አይዘንጋ። ብዙ ምድጃና ካውያ በተሸጠ ቁጥር የሚፈጀው ኃይል ስለሚጨምር በየከተማው የራሳቸውን ማሳያ ክፍል ከፍተው ይሸጡ ነበር። ብድሩን ከወርኀዊው የመብራት ሒሳብ ጋር ለመሰብሰብ የሚችልን ተፎካካሪ አንድ ባለሱቅ ምን ይዞ ተቋቋመው? በእርስዎ ቤት የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው በዱቤ መዝገቡ ውስጥ ይመስለኛል።

ስለ ዱቤው ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ለቤት የሚሆን ማሽን በየወሩ እየከፈሉ መግዛት የተለመደው በልብስ ስፌት መኪና ነው፤ የሲንገር ኩባንያ ይህን የጀመረው በ1850ዎቹ ነበር። ጄኔራል ኤሌክትሪክ በ1932፣ ኢኮኖሚው ክፉኛ በወደቀበት ወቅት፣ ደንበኞች ፍሪጅና ምድጃ በዱቤ እንዲወስዱ የሚያስችል የገንዘብ ድርጅት አቋቋመ። ትልልቆቹ በዚህ መልክ ሲደራጁ የቤተሰብ መደብር የነበረው አንድ ደብተርና የባለቤቱ ሰው የማወቅ ችሎታ ነበር። ከደብተሩ አንዱን ገጽ ይምረጡና በዝርዝር ያንብቡት። የማሽኑ ዓይነት፣ ቅድመ ክፍያው፣ ከዚያም በየወሩ የተመዘገበው ገንዘብ ይታያል። ክፍያው ለጥቂት ወራት ተቋርጦ እንደገና የቀጠለበት ቦታ አለ? ማሽኑን መልሶ ከመውሰድ ይልቅ ጊዜ የሰጡበት? በኅዳጉ ላይ «ከመከር በኋላ» ወይም «ልጁ ሥራ ሲይዝ» የሚል ማስታወሻ ይገኛል? እንዲህ ያለ አንድ ገጽ በፎቶግራፍ አስደግፈው ቢያትሙ ከብዙ ገጽ ትረካ በላይ መደብሩን ያስተዋውቃል።

የጥገና ባለሙያ

መዝገብ አገላባጭ በተናገሩት እስማማለሁ፤ ይሁን እንጂ ለዱቤው የሰጡትን ቦታ እኔ ለጥገና ክፍሉ የሥራ ወረቀቶች እሰጣለሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በእንዲህ ዓይነት መደብር ጀርባ ባለው ክፍል ነው። ሽያጩ በአንድ ቀን ያልቃል፤ በደንበኛውና በመደብሩ መካከል ከዚያ በኋላ ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት የሚቀጥለው ግንኙነት በጠጋኙ በኩል የሚያልፍ ነው። ሁለተኛውን ማሽን ከማን እንደሚገዙ ሰዎች የሚወስኑት የመጀመሪያው በተበላሸ ዕለት በተደረገላቸው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ።

የሥራ ወረቀቶቹን በዘመን ቢደረድሯቸው የማሽኖቹን ታሪክ ራሳቸው ይነግሩዎታል። በመጀመሪያ የሚያገኙት ልብስ በሁለት ጥቅል መካከል አሳልፎ የሚጨምቅ ማሽን ጥገና ነው፤ የተሰነጠቀ የላስቲክ ጥቅል፣ የላላ ማርሽ። ከዚያ አውቶማቲኩ ይመጣል። በ1937 ለገበያ የቀረበው የቤንዲክስ ማሽን ማጠቡን፣ ማለቅለቁንና መጭመቁን በአንድ ከበሮ ውስጥ አከታትሎ የሚሠራ ነበር፤ ሲሽከረከር ግን ክፉኛ ስለሚንቀጠቀጥ ከወለሉ ጋር በቡሎን መታሰር ነበረበት። ይህ ለቸርቻሪው ምን ማለት እንደነበር ያስቡት። ማሽኑን አውርዶ መሄድ ቀርቶ ወለሉን የሚበሳ፣ ውኃውን የሚያስገባ፣ ፍሳሹን የሚያስወጣ ሰው መላክ ግዴታ ሆነ፤ ዕቃ አድራሹ ሠራተኛ የቧንቧም ሙያተኛ መሆን ጀመረ። ከበሮውን በስፕሪንግ ማንጠልጠልና በከባድ ክብደት ማረጋጋት ከተለመደ ወዲህ ቡሎኑ ቀረ፤ በምትኩ የትራንስፖርት ማሰሪያ ብሎኖቹ ሳይፈቱ ማሽኑን የሚያስነሡ ደንበኞች ስልክ መደወል ጀመሩ። የእርስዎም የሥራ ወረቀቶች ይህን ጥሪ በብዛት እንደሚያሳዩ አልጠራጠርም።

የፍሪጁ ጋዝ ለብቻው አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። የመጀመሪያዎቹ የቤት ፍሪጆች ሰልፈር ዳይኦክሳይድንና ሜቲል ክሎራይድን የመሰሉ መርዘኛ ጋዞች ይጠቀሙ ስለነበር ቱቦው ቢያፈስ ለቤተሰቡም ለጠጋኙም አደጋ ነበር። በ1930 ይፋ የሆነው ፍሪዮን የተባለ መርዝ ያልሆነ ጋዝ ይህን ስጋት አስወገደ፤ ጠጋኞችም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ያለ ሐሳብ ወደ አየር ሲለቁት ኖሩ። የኦዞንን ሽፋን እንደሚጎዳ ከታወቀና በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ግን ጋዙን በዕቃ ሰብስቦ መያዝ፣ አዳዲሶቹንም ጋዞች መማር መጣ። በጀርመን በ1993 ለገበያ ከቀረበው ፍሪጅ ጀምሮ የተስፋፋው አይሶቡቴን ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን ተቀጣጣይ ነው፤ ስለዚህ ቱቦ በእሳት መበየድ የለመደ እጅ የሥራ ልማዱን ከሥሩ መለወጥ ነበረበት። በመደብራችሁ ጡረታ የወጣ ጠጋኝ ካለ ስለዚህ ሽግግር ይጠይቁት፤ ከማንኛውም ሰነድ የበለጠ የሚነግርዎት ይኖረዋል።

ዓመት ያልተጻፈባቸውን ፎቶግራፎች በተመለከተ፣ ከሰዎቹ ይልቅ ከኋላቸው የቆሙትን ማሽኖች ይመልከቱ። ከአናቱ ላይ ክብ ሣጥን የተሸከመ ፍሪጅ ከታየ የጄኔራል ኤሌክትሪክ «ሞኒተር ቶፕ» ሊሆን ይችላል፤ እሱም በ1927 የወጣ ስለሆነ ፎቶው ከዚያ በፊት የተነሣ አይደለም። ማይክሮዌቭ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ካዩ ከ1967 በኋላ መሆኑን ይያዙ፤ አማና የተባለው አምራች ለቤት የሚሆነውን የጠረጴዛ ላይ ማይክሮዌቭ ያወጣው በዚያ ዓመት ነው። ማሽኑ ራሱ በእጅዎ ካለ ሥራው ይቀላል። በቦሽና በሲመንስ ማሽኖች የመረጃ ሰሌዳ ላይ ኤፍ ዲ ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ አራት አኃዞች አሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ላይ 20 ሲደምሩ የተመረተበትን ዓመት፣ የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ወሩን ይሰጣሉ። 7808 ካለ 78 ሲደመር 20 ዘጠና ስምንት ነውና ማሽኑ በ1998 በስምንተኛው ወር የተሠራ ነው። የዋስትና ካርድ ቀሪዎቻችሁ ላይ ይህ ቁጥር ከሽያጩ ቀን ጎን ተጽፎ ከተገኘ አንድ ማሽን ከፋብሪካ ወጥቶ በመደብራችሁ ስንት ጊዜ ቆሞ እንደተሸጠ ጭምር ማወቅ ትችላላችሁ።

የመሥራቹ የልጅ ልጅ

ከልብ አመሰግናለሁ። የዋስትና ካርዶቹን በቁጥሩ ማንበብ አስቤው አላውቅም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። በዱቤ መዝገቡ ውስጥ ያሉት ስሞች አብዛኞቹ ልጆቻቸው ዛሬም ደንበኞቻችን የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ያልከፈሉም አሉበት። ሌላው፣ ቅርንጫፉ የተዘጋበትና አባቴና አጎቴ ለተወሰነ ጊዜ የተለያዩበት ወቅት አለ። ያለ እሱ መጽሐፉ ይጎድላል፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ቤተሰቡ ይከፋል ብዬ እፈራለሁ።

የንግድ ታሪክ መምህር

ስለ ስሞቹ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው፤ አንድም ባለዕዳ በስሙ አይጠቀስ፤ በፎቶግራፍ በሚታተመው ገጽ ላይም ስሙ ይሸፈን። «አንድ መምህር»፣ «ሁለት ልጆች የምታሳድግ ልብስ ሰፊ» ማለት ለአንባቢ በቂ ነው። ሰዎቹ ችግራቸውን ለአያትዎ የነገሯቸው ለታሪክ ብለው አልነበረም።

የቅርንጫፉን መዘጋት ግን መጻፍ ይኖርብዎታል፤ ሲጽፉትም በዚያ ወቅት በንግዱ ላይ ከደረሰው ለውጥ ጋር አያይዘው ቢሆን ከሰዎች ጥፋት በላይ የሆነው ነገር ይገለጣል። በብዙ አገሮች አነስተኛ ቸርቻሪዎች ለረጅም ጊዜ የኖሩት አምራቹ የመሸጫውን ዋጋ ራሱ ይወስን ስለነበር ነው። አንድ ዓይነት ማሽን በትልቁም በትንሹም መደብር ዋጋው እኩል ከሆነ ደንበኛው የሚመርጠው የተሻለ የሚያስተናግደውን ነው። በብሪታንያ በ1964 የወጣው ሕግ ይህን አሠራር በአብዛኛው አስቀረው፤ በአሜሪካም ከ1937 ጀምሮ ለዚህ ከለላ ይሰጥ የነበረው የፌዴራል ሕግ በ1975 ተሻረ። ከዚያ ወዲህ በጅምላ ብዙ የሚገዛ ሰንሰለታማ መደብር ቤተሰቡ ከአከፋፋይ በሚገዛበት ዋጋ ለተጠቃሚ መሸጥ ቻለ። አባትዎና አጎትዎ የተለያዩት «ዋጋ እንቀንስ» እና «አገልግሎታችንን እንጠብቅ» በሚል ከሆነ፣ ጠባቸው በዘመኑ በብዙ ቤት የተነሣ ክርክር ነበር።

ብዙዎቹ ያገኙት መውጫ በጋራ መግዛት ነው። ነጻ ሆነው የቀሩ መደብሮች በኅብረት እየተደራጁ ትእዛዛቸውን አንድ ላይ በማቅረብ የትልልቆቹን ዋጋ ለማግኘት ሞከሩ፤ በአውሮፓ በ1990 የተመሠረተው ዩሮኒክስ የዚህ ዓይነት ማኅበር ነው። መደብራችሁ እንዲህ ባለ ማኅበር ውስጥ ገብቶ ከሆነ የገባበትን ቃለ ጉባኤ ይፈልጉ። የቤተሰብ ስም ከበሩ በላይ እንደተጻፈ ሆኖ የግዢው ውሳኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ወጥቶ ለሌሎች የተሰጠበት ቀን ስለሆነ ከቅርንጫፍ ምረቃ የበለጠ ክብደት አለው።

ስለ ቤተሰብ ጠብ ከሮዝ ብለምኪን የሚበልጥ ምሳሌ አላውቅም። ከሩሲያ ግዛት የተሰደደችው ይህች ሴት በ1937 በአሜሪካ ኦማሃ ከተማ በ500 ዶላር የጀመረችው የቤት ዕቃ መደብር አድጎ በ1983 አብዛኛውን ድርሻ ለዋረን ባፌት ኩባንያ ሸጠች፤ ሥራውን ግን ቤተሰቡ መምራቱን ቀጠለ። በ1989 ዕድሜዋ ከዘጠና አምስት ሲደርስ ከልጅ ልጆቿ ጋር ተጣልታ ወጣችና በዚያው አካባቢ ተፎካካሪ መደብር ከፈተች። በ1992 ይህ አዲሱ መደብር ከቀድሞው ጋር ተቀላቀለ፤ እሷም በ1998 በ104 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ ከንግዱ አልራቀችም ነበር። ይህ ታሪክ በአደባባይ ተጽፎ ሳለ ቤተሰቡን አላዋረደም፤ እንዲያውም ሥራውን ምን ያህል ይወዱት እንደነበር አሳየ። ሽግግር በልጅ ብቻ የሚሆን አለመሆኑንም ልብ ይበሉ፤ መዝገብ አገላባጭ የጠቀሷቸው ሩፈስ ዊሊ ሲታመሙ በ1954 ሱቁን የተረከበው አማቻቸው ቢል ቻይልድ ነው፤ ትልቅ ያደረገውም እሱ ነው። የካሪዎች ድርጅት በአንጻሩ ከተመሠረተ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1984፣ ዲክሰንስ በተባለ ሌላ የብሪታንያ ቸርቻሪ ተገዛ። በቤተሰባችሁ መደብሩን ለማቆየት ማን ምን እንደተወ ይጻፉ፤ አጎትዎ ያን ክፍል ከመታተሙ በፊት እንዲያነቡትና የራሳቸውን ቃል እንዲጨምሩበት ያድርጉ።

የባለሱቅ ልጅ

እስካሁን ያልተነሣ ጉዳይ ስላየሁ አጭር ሐሳብ ልጨምር። ጠያቂያችን አያትዎን፣ አባትዎንና አጎትዎን ጠቅሰዋል፤ ሴት አያትዎን፣ እናትዎንና የአጎትዎን ባለቤት ግን አላነሡም። እኔ ባደግሁበት መደብር የዱቤ ደብተሩን የምትጽፈው እናቴ ነበረች፤ ማሽኑን አስነሥታ የምታሳየውም እሷ ነበረች። አባቴ ስለ ሞተሩ ይናገራል፤ ገዢዋ ግን ወደ እናቴ ዞር ብላ ነጭ ልብስ ከባለቀለሙ ጋር ቢገባ ምን እንደሚሆን፣ የሱፍ ልብስ ይኮማተር እንደሆነ ትጠይቃለች። ሽያጩ የሚቆረጠው በዚያ ንግግር ነበር።

የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ታሪክም ይህንኑ ያስታውሰኛል። ጆሴፊን ኮክሬን የፈጠራ መብቷን በ1886 አስመዝግባ በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ማሽኑን አሳየች፤ ቀድመው የገዙት ግን ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ነበሩ። በመኖሪያ ቤቶች የተለመደው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፎ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ በየመደብሩ ቆሻሻ ሳህን ደርድሮ፣ ማሽኑን አስነሥቶ፣ የወጣውን ሳህን ለተጠራጣሪ ገዢ እያሳየ ገበያውን የፈጠረ ሰው ነበረ፤ ያ ሰው ብዙ ጊዜ የባለሱቁ ሚስት ወይም ልጅ ናት።

ስለዚህ በሕይወት ያሉትን የቤታችሁን ሴቶች ያነጋግሩ። «ያኔ እንዴት ነበር?» ብለው ቢጠይቋቸው አጭር መልስ ነው የሚያገኙት። ይልቅ ደብተሩን ከፍተው ከፊታቸው ያስቀምጡና የእጅ ጽሑፉ የማን እንደሆነ፣ ከአንድ ስም ጎን የተደረገው ምልክት ምን ማለት እንደሆነ፣ ከአከፋፋዩ ጋር ስለ ዋጋ የሚከራከረው ማን እንደነበር አንድ በአንድ ይጠይቁ። ድምፃቸውንም ፈቃዳቸውን ጠይቀው ይቅረጹ።